መዳብና ወረንጦ

እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ኬሚስትሪን የምንወደው ከሩቁ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ከሩቁም አንወደውም። የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ነጭ ጋውኑን ለብሶ ሲገባ «ቀማሚው መጣ!» እያልን ስንስቅ ሁለት ዓመት ኖረናል። እሱም አብሮን ይስቃል። ዛሬ ግን ስለ መዳብና ስለ አሚኖ አሲድ ልንጽፍ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ገጹን ገልጠህ አትለፍ፤ ነገሩ ሰውም አለበት።

ነገሩ የጀመረው በእጅ ጽሕፈት ነው። የዚህችን መጽሔት ርእሶች በእጁ የሚጽፍልን ገጣሚ ጓደኛ አለን። ፊደሉ ያስቀና ነበር። ባለፈው ዓመት ግን መስመሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሻይ ሲያነሣ ይደፋበታል፤ ሲናገርም ምላሱ ይተሳሰራል። እኛስ ምን አልን? «ግጥሙ ከጠጅ ቤት ነው እንዴ የሚመጣው?» አልን። «ኧረ ምርቃና ነው!» ያለም ነበር። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። መጀመሪያ ርእስ መጻፉን ተወ፤ ቀጥሎ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቤተሰቡ ሄደ።

ከወራት በኋላ ወሬው ደረሰን። ሐኪም ዓይኑን በመብራት ሲመረምር በጥቁሩ ጠርዝ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት አየበት። በሽታው ዊልሰን ይባላል፤ ኪኒየር ዊልሰን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1912 በዝርዝር የጻፈው ነው። ከእናትም ከአባትም በሚወረስ ጉድለት የተነሣ ጉበት ትርፉን መዳብ ማስወጣት ያቅተዋል፤ መዳቡም በጉበት፣ በአንጎልና በዓይን ይከማቻል። ጠጅ የለ፣ ጫት የለ፤ መዳብ!

ያን ማታ «ቀማሚው» እስኪመጣ ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ልንስቅበት አልነበረም።

«መዳብ ሰው ውስጥ ምን ይሠራል?» አልነው።

«ሁላችሁም ውስጥ አለ፤ ባንድ ሰው 100 ሚሊግራም ገደማ። ያለ እሱ አትኖሩም። ግን ለብቻው መንከራተት የለበትም፤ ያዥ ይፈልጋል። ደም ውስጥ ፕሮቲኖችና እንደ ሂስቲዲን ያሉ አሚኖ አሲዶች ይይዙታል።»

በማግሥቱ ላቦራቶሪ ወሰደንና ሰማያዊ ዱቄት አሳየን፤ መዳብ ከግላይሲን ጋር የተያያዘበት ነው። «እናቶቻችን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን ወረንጦ አስቡ» አለን። ግላይሲን ከአሚኖ አሲዶች ሁሉ ትንሹ ነው፤ መዳቡን በአንድ በኩል በናይትሮጅን፣ በሌላው በኦክስጅን ይቆነጥጠዋል። ሁለተኛ ግላይሲን ከማዶ መጥቶ እንዲሁ ያደርጋል። መዳቡ በአራት ጫፎች መካከል ይያዛል፤ ከእያንዳንዱ ያለው ርቀት ከአንድ ሴንቲሜትር መቶ ሚሊዮን እጅ ሁለቱ ያህል ነው። ከላይ ወይም ከታች የሚጠጋው፣ ለምሳሌ ውኃ፣ ራቅና ላላ ብሎ ነው የሚያዘው። ሁለቱ ናይትሮጅኖች ጎን ለጎን ሲሆኑ አንድ ነገር፣ ትይዩ ለትይዩ ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል፤ አንደኛው እንደ መርፌ ቀጭን፣ ሌላው እንደ ቅርፊት ጠፍጣፋ ሆኖ ይረጋል። የተለወጠው አቀማመጡ ብቻ ነው።

«ይኸማ ሰዋስው ነው!» አልን። «ያው ቃላት፣ ቦታ ሲለዋወጡ ሌላ ዐረፍተ ነገር።»

«የጓደኛችሁም መድኃኒት ወረንጦ ነው» አለ። ስሙ ፔኒሲላሚን ነው፤ ፔኒሲሊን ሲፈራርስ የሚገኝ አሚኖ አሲድ። ከናይትሮጅኑና ከኦክስጅኑ ሌላ ድኝ አለው፤ መዳብ ደግሞ ድኝን አጥብቆ ነው የሚይዘው። የተያዘው መዳብ በሽንት ይወጣል። ይህን መድኃኒት ለዊልሰን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1956 ያስተዋወቀው ጆን ዎልሽ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ ለበሽተኛ ከመስጠቱ በፊት ራሱ ውጦ ሞክሮታል። እሱ ሳያውቅ አልሳቀም፤ ቀመሰ። እኛ ሳናውቅ ሳቅን።

ጓደኛችን ዘንድሮ ተመለሰ። መድኃኒቱን በባዶ ሆዱ ይውጣል፤ ዕድሜ ልኩን ከሕክምና አይለይም። መጀመሪያ ላይ መንቀጥቀጡ ብሶበት ነበር፤ በአንዳንድ በሽተኛ ላይ እንዲህ ይሆናል። ቀስ በቀስ ግን እጁ እየረጋ መጣ፤ ያም ሆኖ እንደ ድሮው አይደለም። ይቅርታ ልንጠይቅ ከአልጋው አጠገብ ተደርድረን ቆምን።

«መዳቡን እናንተ አላመጣችሁትም» አለን። ዝም ብሎ ቆየና፣ «ሳቁን ግን እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት» አለ።

ለዚህ መልስ አልነበረንም፤ ዛሬም የለንም። እርሳስና ወረቀት ሰጥተነው ርእሱን ጻፍልን አልነው። ብዙ ደቂቃ ፈጀ፤ ማናችንም አልተናገርንም። ከላይ ያለው የእሱ ጽሕፈት ነው። «መ» ትንሽ ጎበጥ ብላለች። አላስተካከልናትም።