የአክስቴ ክንድ

ሰንጋ ተራ ላይ የቆሙት የ40/60 የቁጠባ ቤቶች ሕንፃዎች ለባለዕጣዎች በተከፈቱ ሰሞን አክስቴን አጅቤ ቤቷን ላይ ሄድኩ። ነሐሴ 2005 ስትመዘገብ ባለ ሁለት መኝታው 75 ካሬ ነው ተብላ ነበር። ልጇ ከባሕር ማዶ በላከችላት ብር መቶ በመቶ ከፈለች፤ ዕጣው በ2009 ክረምት ሲወጣ ስሟ ተገኘ። ቤቱ ግን ከውሉ በላይ ሰፍቶ ጠበቃት፤ ዋጋውም አብሮት ሰፋ።

ግቢው የሠርግ ቤት መስሏል። አንገቱን ወደ ላይ ያልሰቀለ የለም። «ውጭ አገር ይመስላል!» ይላል አንዱ፣ ስልኩን ደግኖ። «ከሩቅ ነው የሚያምረው» ትላለች ሌላዋ፣ የመስኮቱን ዳር በጥፍሯ እየፋቀች። ከአሮጌው ሰፈር የመጡ አንድ አዛውንት ግን ፎቁን ትተው መሬት መሬቱን ያያሉ። «እዚህ ጋ ነበር የኛ በር» አሉኝ፣ በከዘራቸው መሬቱን ነካ እያደረጉ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሰንጋ ነው፤ ፎቁ የበቀለው የቀበሌ ቤቶቹ ፈርሰው ነው። «ፎቁስ አይከፋም» አሉ አዛውንቱ፤ «የፋሲካው በግ የት ይታረድ ነው ያሉት?» መልስ አልነበረኝም።

ሊፍቱ ገና ሥራ አልጀመረም ነበርና እያረፍን በደረጃ ወጣን። አክስቴ በሩን ከፍታ «በስመ አብ» ብላ ገባች። ሳሎኑን ዞር ብላም አላየችው፤ ግድግዳውን በጣቷ አንጓ ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ባዶ ነው» አለች።

«ብሎኬት ነው» አልኳት።

«እንግዲህ ጎረቤቴ ባስነጠሰ ቁጥር ይማርህ ስል ልኖር ነው» ብላ ወደ ማድ ቤት አለፈች።

ሜትሬን ላወጣ ስል በእጇ መለሰችኝ። ክንዷን መደርደሪያው ላይ ጋደም አደረገች፤ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ፣ ከዚያ አንድ ስንዝር ጨመረችበት። ስንዝሩ አየር ላይ ቀረ።

«አንተ ልጅ፣ ምጣዴ የት ሊቀመጥ ነው?»

ቀጥላ ሶኬት ፈለገች። የመብራት ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይበላል፤ የራሱ መስመር ይፈልጋል። ለምጣድ የተለየ መስመር ግን አላገኘንም።

ኮሪደሩ ላይ ጎረቤቶች ሸንጎ ይዘዋል። አንዱ የተነጠፈውን ሴራሚክ ነቅሎ ሌላ ሊያስነጥፍ ነው፤ ሌላዋ የማድ ቤቱን ግድግዳ አስፈርሳ ከሳሎኑ ጋር ልታቀላቅለው ነው። በሳምንቱ ስንመለስ፣ ገና የቀለሙ ሽታ ያልወጣ ቤት በመዶሻ ሲመታ ከታች ድረስ ይሰማ ነበር። ሰው ለአንድ ግድግዳ ሁለቴ ይከፍላል፦ አንዴ ለማሠራት፣ አንዴ ለማፍረስ።

ምስጋናም አልጠፋም። በመስኮት የሚገባውን ብርሃንና የራስን ሽንት ቤት ቆልፎ መግባትን ደጋግመው የሚያነሱ ነበሩ፤ በቀበሌ ቤት የኖረ ሰው የጋራ ሽንት ቤት ወረፋ በዝናብ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። አክስቴም እንዲህ ካሉት አንዷ ናት። የምታማው ውበቱን አልነበረም፤ ሲነደፍ እሷ አለመታሰቧን ነው።

ምጣዷ በመጨረሻ በረንዳ ላይ ተተከለ። ገመዱ በሳሎኑ መሃል ተጋድሞ ያልፋል፤ የልጅ ልጆቿ በሮጡ ቁጥር ልቤ ይሰቀላል። ሐሙስ ሐሙስ እንፋሎቱ የላይኛዋ ጎረቤት ያሰጣችው ልብስ ላይ ይወጣል፤ ለመታረቂያ ሁለት ትኩስ እንጀራ ይላክላታል።

የሚቀጥለውን ፎቅ የምትነድፉ ልጆች፣ አደራ፦ ማድ ቤቱን ከመሣላችሁ በፊት እናታችሁ ስትጋግር አንድ ጠዋት አጠገቧ ተቀመጡ። ክንዷንም ለኩት፤ ስንዝሯን ጨምራችሁ።