የሠላሳ ቀን ወረቀት

በአገራችን ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል። ዕድርተኛው ድንኳኑን ተሸክሞ ይመጣል፤ ወጡ ከየቤቱ ይወጣል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ቤት ሲሞት ግን ጥሩምባ የሚነፋለት የለም። ቤት ሲሞት የምለው በዕዳ ተይዞ በሐራጅ ሲሸጥ ነው። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝም በትውልድ ከተማዬ በቆሰበር፣ በአጎቴ ቤት ላይ የደረሰው ነገር ነው።

አጎቴ ቤታቸውን ለአንድ ባንክ አስይዘው ገንዘብ የተበደሩት ከሰል ለመነገድ ነበር። በአዊ ብዙ ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ አክስሎ በመሸጥ ተጠቅሟል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዛፉን በሽታ ገባበትና በየማሳው ይደርቅ ጀመር። ከሰሉ ሲጠፋ የአጎቴም ንግድ ቆመ፤ ወለዱ ግን አልቆመም። በመጨረሻ የማስጠንቀቂያው ወረቀት መጣ። እርሳቸውም ወረቀቱን ዳዊታቸው ውስጥ ከትተው ዝም አሉ። አክስቴ አውጥታ እንዳነብላት በሰጠችኝ ጊዜ ከ30 ቀኑ 11 ቀን አልፎ ነበር።

ይህ 30 ቀን ከየት መጣ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አበዳሪ የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል መያዣውን እንዲሸጥ የሚደረግን ውል ዋጋ አይሰጠውም ነበር። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ግን፣ ባንኮች ከተበዳሪው ጋር በውል ከተስማሙ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቀደላቸው። ለባለዕዳው የተወለት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። እንግዲህ ዳኛ ፊት ቀርቦ ጊዜ የሚለምንበት ቀጠሮ ከሌለ፣ የሚለመነው በእነዚህ ቀናት ውስጥ ነው።

ለሽማግሌ እንንገር ብላቸው፣ «ልጄ፣ አገር ሰምቶብኝ ከምኖር ቤቱ ቢቀርብኝ ይሻላል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የሐራጁ ማስታወቂያ ሲለጠፍ አገር መስማቱ ይቀራልን?» አልኋቸው።

መልስ አልሰጡኝም። በማግሥቱ ግን ሁለት ሽማግሎችና አንድ የዕቁብ ጓደኛቸው ተጠሩ። ጓደኛቸው የዕቁብ ተራውን ለቀቀላቸው። እርሳቸውም ጥር 23 ቀን ከአገው ፈረሰኞች ጋር የሚጋልቡበትን ፈረስ ሸጡ። ያን ገንዘብ ይዘን ባንኩ ዘንድ ሄድንና የቀረው እንዲራዘም በጽሑፍ ጠየቅን። ሐራጁ ቆየ፤ ዕዳውም በአዲስ የክፍያ ጊዜ ተከፋፈለ። ዕዳው አልጠፋም፤ ፈረሱም አልተመለሰም፤ ልጆቹ ግን በቤታቸው ናቸው።

በዕዳ ማፈር የጨዋ ሰው ጠባይ ነው፤ አበዳሪም የሚተማመነው በዚሁ እፍረት ነው። ነገር ግን እፍረት ቀን መብላት ከጀመረ ለማንም አይበጅም፤ በሐራጅ የሚወጣ ቤት ብዙ ጊዜ ዋጋው ይረክሳልና።

ጓደኞቼ ሆይ፣ በየቤታችን ፊደል የቆጠርነው እኛ ነን። ለዕረፍት ስንሄድ በየዳዊቱና በየሣጥኑ የተደበቀ ወረቀት እንዳለ እንጠይቅ። ካለም ቀኑን አይተን፣ የቀረውን ቆጥረን፣ ዘመድ እንጥራ። ዕድርን ለሞት ያቋቋሙት አባቶቻችን ናቸው። የሠላሳው ቀን ወረቀት ሲመጣም እንዲደርስ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ማሳሰብ የእኛ ፈንታ ነው።