የሃይሉክሷ ጎማ እና የኔ ጥቁር ሰሌዳ

ይሄን ነገር ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ባለታሪኩ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ከፈለገ ራሱ ኮሜንት ላይ ይመጣል። «ጻፈው ቲቸር፣ ሌላው ይማርበት» ብሎ ፈቅዶልኛል። ጥፋቱ ግን የሱ ብቻ አይደለም። ግማሹ የኔ ነው፣ እንዲያውም ከግማሽ በላይ።

ነገሌን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ እኛ ጋ ፒክአፕ የመዝናኛ መኪና አይደለችም። ወደ ዋጪሌ፣ ወደ ፊልቱ፣ ወደ ዶሎ በሚወስዱት መንገዶች ስኳሩም፣ ዱቄቱም፣ ፍየሉም፣ ታማሚውም በሷ ነው የሚሄደው። አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ በከሸፈበት በዚያ ድርቅ ውሃና ሳር ስታመላልስ የነበረችውም እሷ ናት። የልጁ ቤተሰቦች ከዚያ በኋላ «ከብት ከእንግዲህ አያስተማምንም» ብለው፣ የተረፈውን ሸጠው፣ የዘመድ ብድር ጨምረው ነው ያቺን ያገለገለች ሃይሉክስ የገዙለት። የስንት ሰው እንጀራ እንደሆነች እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ፒክአፕ ከፋብሪካ ስትወጣ ከኋላዋ ከፍ፣ ከፊቷ ዝቅ ያለች ናት። ስትጫን ኋላዋ ወርዶ እንድትስተካከል ታስቦ ነው። ልጁ ስልኩ ላይ ያያቸው መኪኖች ግን ባዶአቸውንም ቀጥ ያሉ ናቸው። ስለዚህ አንድ ጋራዥ ወስዶ ከፊት ሾክ አብዞርበሯ አናት ላይ ስፔሰር አስገባባት። «ሌቭል አስደረግኳት» አለኝ። ስፔሰሩ ራሱ ቀጭን ብረት ነው። ግን ሾክ አብዞርበሩ የሚያርፈው ከታች ያለው ክንድ መሃል አካባቢ ስለሆነ፣ ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ፊቷ 5 ሳንቲም ተነሳ። (ነገሌ እኮ ጥር 1966 ላይ አንድ የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ወታደሩን አሳምፆ አገር ያናወጠባት ከተማ ናት። ትንሽ ዕቃ መናቅ ለኛ አይሆንም።)

ከዚያ ጎማ ፈለገ። እኔ ጋ የመጣው ያኔ ነው። «ቲቸር፣ ያላት 265/65 በ17 ነው። 285/70 ላድርግላት ነው። ይገባል ወይ?»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ስንት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር የተማረውን ለኑሮው ብሎ ይዞልኝ የመጣ እሱ የመጀመሪያው ነው። ክፍል ውስጥ ገብተን ጠመኔ አነሳሁ። 265 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ 65 የጎን ከፍታው ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች። የድሮው ጎማ ዳር እስከ ዳር 77.6 ሳንቲም፣ አዲሱ 83.1። ልዩነቱ 5.5፣ ወደ ላይ የሚጨምረው ደግሞ ግማሹ፣ 2.7 ሳንቲም። «ፊቷ 5 ተነስቷል፣ ጎማው የሚፈልገው 2.7 ነው። ይገባል» አልኩት። ከስሩ ሁለት መስመር አሰመርኩበት። አስተማሪ እርግጠኛ ሲሆን የሚያሰምረውን።

ጎማው ሲገጠም አብሬው ነበርኩ። አዛውንቱ ጎሚስታ ዞር ዞር ብለው አዩዋትና «ጭነት ላይ ሆና አይታችኋታል?» አሉ። «ተሰልቷል ጋሼ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቡሎኑን ማጥበቅ ቀጠሉ።

አንድ ቅዳሜ ከዋጪሌ በኩል አብሬው ተመለስኩ። ከኋላ የዱቄት ጆንያ ሞልቷል፣ ጆንያው ላይ ሰው አለ። ጀንበር ጠልቃ መብራት ሲያበራ አንድ ነገር ታዘብኩ። የግራር አናት ጥርት ብሎ ይታየኛል፣ መንገዱ ግን አይታየኝም። «መብራትህ ረጅሙ ላይ ነው?» አልኩት። «አይ ቲቸር፣ አጭሩ ነው።»

ዝም አልኩ። እዚህ ጋ ነው ራሴን የምወቅሰው። ገብቶኛል እኮ፣ ግን «ቁም» ማለት ከበደኝ።

ትንሽ እንደሄድን ቢጫ ነገር ብቅ አለ። ጀሪካን ነው። ከጀሪካኑ ስር አህያ፣ ከአህያዋ ጎን ልጅ፣ ምናልባት የ10 ዓመት ሴት ልጅ። ፍሬን ያዘ፣ መሪውን ወደ ግራ ሰበረው። ከፊት ጎማ በኩል ክርርር የሚል ድምፅ ወጣ፣ መሪው እጁ ላይ ከበደ። ቆመች። ወርጄ አየሁት፣ ከአህያዋ እስከ መኪናዋ አፍንጫ ሁለት ክንድ አይሞላም። ልጅቷ አልጮኸችም። አየችን፣ አህያዋን በዱላ ነካ አድርጋ ከመንገድ አወጣቻት፣ ሄደች። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው የጮኹት። ተማሪዬ መሪው ላይ ተደፍቶ ቀረ። የፊት ግራ ጎማው ጎኑ ተልጦ ነበር።

ማታ ቤቴ ገብቼ እንደገና ሰራሁት፣ በዚህ ጊዜ ከነጭነቱ። በፊትና በኋላ ጎማዋ መካከል ያለው ርቀት 3 ሜትር ከ8 ሳንቲም ገደማ ነው። ፊቷ 5 ሳንቲም ተነስቷል፣ ኋላዋ በጭነት 6 ሳንቲም ወረደ እንበል። መብራቷ 50 ሜትር ላይ ሲደርስ ከሚገባው 1 ሜትር ከ78 ከፍ ይላል። የዚያች ልጅ ቁመት ስንት እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

ጎማውስ ለምን ነካ? ስፔሰሩ የሚያነሳት ቆማ ሳለች ነው። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ወይም ፍሬን ስትይዝ ጎማው ወደ ላይ ይገፋል፣ የላይኛው ማቆሚያ ላስቲክ ደግሞ ከድሮ ቦታው ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ እዚያ ሰዓት የተረፈ 5 ሳንቲም የሚባል ነገር የለም፣ 2.7 ሳንቲም የጨመረ ጎማ ብቻ ነው ያለው። ስፋቱም 2 ሳንቲም ጨምሯል፣ መሪ ሲዞር ጥጉ ፓራፋንጎውን ይፈልጋል። እኔ ሰሌዳ ላይ የሳልኩት ቀጥ ብሎ የቆመ ክብ ነበር። መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ጎማ የት አለ?

ፍሬኑም እንደዚያው። ፍሬኑ ያው የድሮው ነው፣ ጎማው ግን 7 በመቶ ረዝሟል፤ መሬት ላይ የሚደርሰው የመያዝ ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ የጎማው ክብደት ሳይቆጠር። ቆጣሪው 80 ሲል መኪናዋ የምትሄደው ወደ 86 ነው። «ናፍጣ በላችብኝ» ሲለኝ የከረመውም በከፊል ይሄው ነው፤ ቆጣሪው 100 ኪሎሜትር ሲል 107 ሄዳለች። 11ኛ ክፍል ላይ ቶርክን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ረሳሁት።

ሰኞ ዕለት ጎሚስታው ጋ አብረን ሄድን። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ «ለአሸዋው ብላችሁ ነው?» አሉ እየሳቁ። እሳቸው በወጣትነታቸው አሸዋ ሲገቡ ጎማ አይቀይሩም፣ አየር ይቀንሱ ነበር። አየሩ ሲቀንስ ጎማው ይተኛል፣ መሬት የሚነካው አካል ይረዝማል፣ ሲወጡ መልሶ መንፋት ነው። ነፃ ነገር!

ስፔሰሩ ወጣ። ትልልቆቹን ጎማዎች በኪሳራ ሸጦ 265/70 ገጠመ፣ ከፋብሪካው ወደ ላይ 1.3 ሳንቲም ብቻ የሚጨምር። መብራቷን ጭነት ላይ ሆና ግድግዳ ፊት አቁመን ዝቅ አደረግናት፣ ከዚያ በፊት ግን መሪዋን ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ አዙረን አየን። ኪሳራውን በግማሽ ልካፈል ብዬው እምቢ አለኝ። ስኳር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ፣ እናቱ ስለ አህያዋ ጉዳይ ምንም እንደማያውቁ ገባኝ። አሁን ይሄን የሚያነብላቸው ሰው ካለ፣ እማማ፣ ይቅርታ።

ትናንት ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ከኋላ አንድ ባሌስትራ ልጨምርባት አስቤ ነበር።»

«ስንት ኪሎ ነው የምትጭነው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለና «ነገ ሚዛን ላይ አወጣታለሁ» ብሎ ዘጋው።