ዶሮ በአንድ ዓይኗ ስታይህ

የሁዳዴ መግቢያ ሰሞን ሜሪላንድ ከምትኖር አንዲት እህት በቴሌግራም መልእክት ደረሰኝ። «ወንድሜ፣ ሥራዎችህን አይቻቸዋለሁ። አንድ ነገር ላሠራህ ነበር፤ ግን እንዳትስቅብኝ» ይላል።

የምተዳደረው በፎቶ የሚላክልኝን ሰው ሸራ ላይ በመሣል ነው። ሙሽሮች፣ ተመራቂዎች፣ ያረፉ አባቶች። የሚያስቅ ሥራ መጥቶልኝ ስለማያውቅ «ምን ልሥራልሽ?» አልኳት። አርባ ምናምን ፎቶ አከታትላ ላከች። አንድ ሸምገል ያለ ቡናማ ውሻና ሦስት ዶሮዎች።

ውሻው ቆሎ ይባላል። ዶሮዎቹ ሽሮ፣ በርበሬና ኑግ። በየቀለማቸው ስም ያወጡላቸው ልጆቿ ናቸው። ከቤቱ ጀርባ በተሠራችላቸው የእንጨት ቤት ያድራሉ፤ እንቁላላቸው ይበላል፣ እነሱ ግን አይበሉም። ቆሎ 13 ዓመት ሞልቶታል፤ ደረጃ መውጣት አቅቶት ተሸክመው ያወጡታል። «ሳይሄድብን፣ ሁሉም አንድ ላይ እንዳሉ» አለችኝ። ከንፈሬ ላይ የነበረው ሳቅ እዚያው ቀረ። ቀብድ ተቀብዬ ሥራ ጀመርኩ።

ጎረቤቴ ሲሰማ «ለመሆኑ ዶሮዋ ራሷ ስንት ታወጣለች? ሥዕሏ ከእሷ ሊወደድ ነው እኮ!» አለ። እናቴ ደግሞ የስሙን ነገር ሰምታ «ልጄ፣ በርበሬ የተባለች ዶሮማ ግማሹን ወጥ ራሷ ሠርታዋለች» ብላ እስክታለቅስ ሳቀች።

ቆሎ አላስቸገረኝም። ውሻ ፊት ለፊት ያይሃል። አፉ ዙሪያ የወጣው ሽበት፣ የሆነ ነገር ሲፈልግ ከፍ የሚያደርገው ቅንድቡ፣ የደከመ ዓይኑ፣ ሁሉም ከሽማግሌ ፊት ብዙ አይርቅም። የሰው ምስል ስሠራ የኖርኩበት እጄ መንገዱን ያውቀዋል።

ዶሮዎቹንማ በሁለት ቀን ጨረስኳቸው። ዶሮ አይደለች? ክንፍ፣ ጭራ፣ አናት ላይ ቀይ ነገር። ፎቶ አንስቼ ላክሁ። በማግስቱ በቪዲዮ ደወሉልኝ። ትንሿ ልጅ ስልኩን ከእናቷ ተቀበለችና በተሰባበረ አማርኛ «ይቺ ኑግ አይደለችም» አለችኝ።

«ታዲያ ማን ናት?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «ዶሮ ናት» አለችኝ።

ሥዕል ስማር ብዙ ሂስ ሰምቻለሁ። እንደዚህ አጭርና እንደዚህ ትክክል የሆነ ግን አላስታውስም።

እውነቷን ነው። እኔ ዶሮን የማውቃት በብልቷ ነው። ፈረሰኛው ለማን እንደሚወጣ፣ መላላጫው የማን ድርሻ እንደሆነ፣ 12ቱ ብልት ሳይጎድል ሲወጣ የባለሙያዋ እጅ እንዴት እንደሚመሰገን አውቃለሁ። ሙሉ ሆና፣ ቆማ፣ የራሷን ጉዳይ ስትከታተል ግን አይቻት አላውቅም።

ሾላ ገበያ ሄድኩ። ጾም ስለነበረ ገበያው ቀዝቅዟል። ዶሮዎቹ እግራቸው ታስሮ ተዘቅዝቀዋል፤ በዚያ አኳኋን የማንንም መልክ መለየት አይቻልም። ጠቆር ያለች አንዲት ቄብ መረጥኩ። ሻጩ «ለእንቁላል ነው ለሥጋ?» አለኝ።

«ለሥዕል።»

«እሱ ደግሞ ምን ዓይነት ወጥ ነው?»

ቤት አምጥቼ፣ ግቢውን እስክትለምድ እንደ ደንቡ አንድ እግሯን በገመድ አስሬ፣ በርጩማ ይዤ ፊቷ ተቀመጥኩ። እናቴ ከማዕድ ቤት ብቅ ብላ አየቻትና «ጥቁር አይደለችም። ደረቷን እየው፤ ልበ ወርቅ ናት» አለችኝ። ከዚያ እጇን እያደራረቀች ዘረዘረችልኝ፤ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዝግርማ፣ ኮክማ። ለፈረስ መልክ ብቻ ስም ያለን ይመስለኝ ነበር። ለካ የኔ ዓይን እንጂ አማርኛው አልደኸየም።

ጥቁሩም ቢሆን ጥቁር አልነበረም። ፀሐይ ሲያርፍበት ወደ አረንጓዴ፣ ዞር ስትል ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ያ ብልጭታ ከላባው አሠራር የሚመጣ የብርሃን ጨዋታ ስለሆነ፣ ከቱቦ በወጣ ጥቁር ቀለም የተሞላ ላባ የሞተ ላባ ነው። የመጀመሪያው ሥዕሌ ላይ ኑግን የገደልኩበት አንዱ ነገር ይኸው ነበር።

ዋናው ጥፋቴ ግን ሌላ ነበር። እሱን ለማወቅ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ።

ሥዕል የጀመርኩት በልጅነቴ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየሁ በመኮረጅ ነው። በዚያ ሥርዓት ቅዱሳን ፊት ለፊት ወይም ጋደል ብለው ሁለት ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ። ይሁዳ፣ ሰይጣንና የሰማዕታት አሠቃዮች ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ እጄ ግን ተምሮታል። ስለዚህ የልጆቹን ዶሮዎች ላክብር ብዬ ሦስቱንም ፊት ለፊት አዙሬ፣ ሁለት ዓይን ሰጥቼ ሣልኳቸው።

ዶሮ ግን ዓይኖቿ በግራና በቀኝ ናቸው። አንተን ልብ ብላ ማየት ስትፈልግ አንገቷን ዞር አድርጋ አንደኛውን ዓይን ታቀርብልሃለች። ሰማይ ላይ ጭልፊት የጠረጠረች እንደሆነ ራሷን አጋድላ አንዱን ዓይን ወደ ላይ ትተክላለች። ስትራመድም ራሷ አንድ ቦታ ቆሞ ይቆያታል፤ ሰውነቷ ይደርስበታል፤ ከዚያ ራሷ እንደገና ወደ ፊት ይወረወራል። የምታይበትን ቅጽበት አጥብቃ መያዟ ነው። በኛ ሥርዓት የክፉ ምልክት የሆነው አንድ ዓይን ለእሷ ትኩረቷ ነው። እኔ አከብራለሁ ብዬ፣ ልጅቷን የማያዩ ሦስት ዶሮዎች ሠርቼላታለሁ። «ኑግ አይደለችም» ያለችው ለዚህ ነበር።

ለእንስሳ ባይተዋር የሆነ ባህል አይደለም ያለን። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ያለ አንበሶቻቸውና ነብሮቻቸው፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ያለ ነጭ ፈረሱ አይሣሉም። ሆኖም እንስሶቹ የመጡት ለቅዱሳኑ ታሪክ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ብንወጣ፣ ጀግኖቻችንን በፈረሳቸው ስም የጠራን ሰዎች ነን፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ባልቻን አባ ነፍሶ። ውሻም ዕድል ቀንቷት ያውቃል፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ሉሉ ከንጉሡ ጋር ፎቶ ተነሥታለች። ዶሮ ግን ከምድጃ ውጭ ክብር አላገኘችም።

ሌላ አገር ያገኘችበት ጊዜ አለ። ኢቶ ጃኩቹ የሚባል ጃፓናዊ ሠዓሊ (እ.ኤ.አ. 1716–1800) ኪዮቶ ውስጥ በኒሺኪ ገበያ የአትክልት ጅምላ ነጋዴ ልጅ ነበር። ዶሮ መሣል ሲፈልግ ግቢው ውስጥ ዶሮዎች አረባና ዝም ብሎ ሲያያቸው ከረመ፤ መሣል የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሐር ላይ ሠርቶ ለሾኮኩጂ ገዳም ከሰጣቸው 30 የፍጥረታት ሥዕሎች መካከል አውራ ዶሮዎቹ ዛሬም ሰው ያስደምማሉ። እንግሊዞቹ ደግሞ ኤድዊን ላንድሲር ነበራቸው፤ የንግሥት ቪክቶሪያን ውሾች የሣለ፣ ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1867 የቆሙትን አራት አንበሶች የሠራ። ውሾቹን ያሣለው ቤተ መንግሥት ነው። የነጋዴው ልጅ ግን እንደኔ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው ስለሆነ ልቤ ወደ እሱ ያደላል።

ሥዕሉን እንደገና ጀመርኩ። ሽሮ መሬት ትጭራለች። በርበሬ የቆሎን ጅራት ትጠረጥራለች። ኑግ በጎን ቆማ በአንድ ዓይኗ ሸራው ፊት የሚቆመውን ሰው ታያለች። ልጅቷ በስልክ አየችውና ምንም ሳትለኝ ወንድሟን ልትጠራ ሮጠች። ሸራው ተጠቅልሎ ወደ አሜሪካ በሚሄድ ሰው ሻንጣ ተላከ። ሲደርስ ቆሎ በሕይወት ነበር።

ከዚህ ሥራ በኋላ የውሻና የድመት ትእዛዝ በዝቶልኛልና ለምታሠሩ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ። ከላይ ቆማችሁ የጀርባውን ፎቶ አትላኩልኝ፤ ተንበርክካችሁ በእሱ ቁመት አንሡት። ፍላሽ ይጥፋ፤ የጠዋት ፀሐይ ይበቃል። ከፎቶው ጋር ምን እንደሚወድ፣ ማንን እንደሚፈራ፣ የት እንደሚተኛ ሁለት መስመር ጻፉልኝ። እናትና አባታችሁ ዶሮ ካላቸው ደግሞ መልኳን ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቋቸው። ያ ቃል ከኔ የቀለም ቱቦዎች ይበልጣል።

የፋሲካ ዋዜማ ወንድሜ ቢላዋውን ስሎ ሊባርክ ግቢ ገባ። እናቴ ልበ ወርቋን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ለወንድሜ ብር አውጥታ «ሂድ፣ ሌላ ገዝተህ ና» አለችው። ገዝቶ መጣ። ሌሊት ከቅዳሴ መልስ ፈታን፤ ወጡ እጅ ያስቆረጥማል፣ እኔም ድርሻዬን በላሁ። ልበ ወርቋ አሁን ይህን ስጽፍ ከበርጩማዬ ሥር ትጭራለች። ያቺኛዋ ምን ዓይነት መልክ እንደነበራት ብትጠይቁኝ ግን አላውቅም። አላየኋትም።