መርካቶና ሁለቱ የቀን መቁጠሪያዎቿ

ስለ መርካቶ የሚወራው ሁሉ ስለ ዋጋ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በበዓል ሰሞን ወደዚያ የወረዱ እንደ ሆነ ግን ለጥቂት ጊዜ ዋጋውን ይተዉና ቀና ብለው ይመልከቱ። በአንድ ወገን የታላቁ አንዋር መስጊድ ሚናራ፣ በሌላው ወገን የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን መስቀል ይታይዎታል። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ለመሄድ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ የሚያዘገየው ርቀቱ ሳይሆን ተሸካሚው፣ ጋሪውና ግፊያው ነው።

ገበያው ከጥንት ጀምሮ እዚህ የነበረ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ትልቁ ገበያ የሚቆመው በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ፋሺስት ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን በያዘ ጊዜ፣ ነጩንና የአገሬውን ሰው በሰፈር ለመለየት ሲል ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ አሁን ካለበት ሥፍራ ተከለው። የአንዋር መስጊድም የተሠራው በዚያው በወረራው ዘመን ነው። ወራሪው ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ለማራራቅ ያላደረገው ጥረት አልነበረም፤ ነገር ግን የቀየሰው ገበያ ሁለቱን በአንድ በረንዳ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

ጎን ለጎን ይቀመጡ እንጂ ቀን የሚቆጥሩት በየራሳቸው ነው። የራጉኤል ዓመታዊ በዓል መስከረም 1 ቀን፣ ከዕንቁጣጣሽ ጋር ይውላል፤ ከዚያም ንቅንቅ አይልም። የሂጅራው ዓመት ግን ጨረቃን ስለሚከተል ከፀሐዩ ዓመት 11 ቀን ያህል ያንሳል። ስለዚህ ዒድ አንድ ጊዜ በበጋ፣ ሌላ ጊዜ በክረምት ጭቃ ይውላል፤ በ33 ዓመት ገደማም ወቅቱን ሁሉ ዞሮ ይጨርሳል። በሕንድ አገር ያሉ ሂንዱዎችም ወራቸውን የሚቆጥሩት በጨረቃ ነው፤ ሆኖም በየሦስት ዓመቱ ገደማ አንድ ወር ስለሚጨምሩ ዲዋሊ የሚባለው የመብራት በዓላቸው ከጥቅምትና ከኅዳር መጀመሪያ አይወጣም። የጉጃራት ነጋዴዎች በዚያ በዓል አዲስ የሂሳብ መዝገብ ይከፍታሉ። እስልምና ግን ወር አይጨምርም፤ በዓሉን እንደ መንገደኛ ይለቀዋል።

መንገደኛውም አልፎ አልፎ ከባለቤቱ ጋር ይገናኛል። በ2016 ዓ.ም. መውሊድና ደመራ በአንድ ቀን፣ መስከረም 16 ቀን ዋሉ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ሲገባ፣ ረመዳን በአምስተኛው ቀን ተከተለው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቅቤው ይቀዘቅዛል፣ ቴምሩ ይሞቃል። ባለ ሱቁም ምሳውን ሲበላ ጎረቤቱን አስቦ ወደ ጓዳ ገባ ይላል።

ከሁሉ የሚደንቀው መርካቶ በበዓሏ ቀን ባዶ መሆኗ ነው። የመስቀል ለት ጉራጌው ነጋዴ፣ የአረፋ ለት ስልጤው ነጋዴ ወደ ትውልድ አገሩ ይገባል። አውቶቡስ ተራ በሁለቱም በዓላት ዋዜማ አንድ ዓይነት መልክ አለው፤ ያው ሻንጣ፣ ያው ለእናት የተገዛ ነጠላ፣ ያው የወልቂጤና የቡታጅራ መንገድ። (የአካባቢው አስተማሪ በዚያ ሰሞን ክፍሉ ጎዶሎ ቢሆንበት ሊቆጣ አይገባውም።) ዘወትር ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ደግሞ፣ «አደራ፣ ሱቄን» ብሎ የሚወጣና «ግድ የለህም፣ አለሁልህ» የሚል አይጠፋም።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ይህን ልብ ይበል። እስከ 1966ቱ አብዮት ድረስ ከእስልምና በዓላት አንዱም በመንግሥት ዘንድ የዕረፍት ቀን አልነበረም። የመርካቶው ነጋዴ የዒድ ለት ሱቁን ለመዝጋት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሙስሊሙ ጸሐፊ ግን ፈቃድ ካላገኘ በቀር ቢሮ መግባት ነበረበት። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ይከበርልን ብለው በአዲስ አበባ አደባባይ በብዛት ሲወጡ፣ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። ዒድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በመንግሥት የበዓል ዝርዝር የገቡት ከዚህ በኋላ ነው። በእኔ አስተያየት፣ በዚህ ነገር ቢሮው ከገበያው ብዙ ዓመት ዘግይቷል።

ሁሉም ነገር ማር ነው ለማለት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ በሸገር ከተማ በፈረሱ መስጊዶች ምክንያት በተነሣው ተቃውሞ በአንዋር ደጃፍ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ያን ለት የተዘጋው ሱቅ ለበዓል የተዘጋ አልነበረም።

ማየት ለሚሻ ሰው ከሁሉ የሚሻለው የመስከረም 1 ቀን ጧት ነው። ነጭ የለበሰው ሕዝብ ወደ ራጉኤል ሲጎርፍ፣ አደይና ቄጤማ የሚሸጡ ልጆች መንገዱን ይሞሉታል፤ ከተከፈቱት ጥቂት ሱቆች አንዱ ደጃፍ ላይ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ «እንኳን አደረሳችሁ» ቢልዎ ደስ ብሎዎ ይመልሱለት። ቀደም ብለው ይውረዱ፤ መኪና ይዘው አይምጡ፣ ማቆሚያ አያገኙም። ኪስዎንም ይጠብቁ።