ዓሣን ማን ባረከው?

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

የእማዬ ጉልበት ተሻላት? እኔ አክስታችን ቤት ደርሻለሁ። ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሚኒባስ ሳይታወቅሽ ትደርሻለሽ። ከዚያ ወዲያ ባጃጅ ነው። ባጃጁ ደግሞ ጫት ሳይጭን አይነሳም። እኔ ከሹፌሩ ጎን ተጣብቄ፣ ሻንጣዬ ጭኔ ላይ፣ ጫቱ የኋላውን ወንበር ለብቻው ይዞ ተንፈላሶ አርዲቦ ደረስን።

አርዲቦ የሚባለው ውሃ ከሐይቅ ውሃ ያንሳል፤ ግን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው። ክረምት ሲሞላ ትርፉ በወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርድ ነበር ይላሉ። አሁን ገበሬው በሞተር እየሳበ ጫቱንና አትክልቱን ያጠጣበታል። አንቺ ግን ስለ ውሃው አልጠየቅሽኝም። «አክስታችን እንዴት ነው የምትኖረው?» ነው ያልሽኝ። እማዬም አፍ አውጥታ ባትጠይቅም ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ እንድታነቢላት እንደምትፈልግ አውቃለሁ።

አክስታችን ከሟች ባሏ የወለደቻቸውን ሦስቱን ይዛ ነው እዚህ ቤት የገባችው። የአሁኑ ባሏ ጋሼ ሙስሊም ናቸው፤ እሳቸውም ከሟች ሚስታቸው አራት ነበሯቸው። ሁለት የጋራ ተጨመሩ። የጋሼ እናት፣ እማማ፣ አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን መስማት ያልፈለገውን ብቻ ነው የማይሰማው። የሟች ባሏ የእህት ልጅም «ክረምቱን ልክረም» ብላ መጥታ እስካሁን አልሄደችም። በድምሩ 13 ናቸው፤ ስምንቱ ሙስሊም፣ አምስቱ ክርስቲያን። ልጆቹ ሁሉ አክስታችንን «እማ» ነው የሚሏት፣ ሁሉም እኩል ይጣላሉ፣ እኩልም ይመታሉ። ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚለየው ሥጋ የተሠራ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ገበታው ሁለት ይሆናል።

ጓዳዋ ውስጥ ሦስት ድስት አለ። እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት የክርስቲያኖቹ ሥጋ የሚሠራበት ነው። ክር የሌለው የሙስሊሞቹ። ሦስተኛው፣ ጥላሸት የጠገበው ትልቁ፣ የሁሉም ነው፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓሣው የሚሠራው በሱ ነው። ዓሣ አይታረድማ! ሙስሊሙ ያለ እርድ ይበላዋል፤ ክርስቲያኑም «ማን ባረከው?» አይልም። እዚህ ቤት ዶሮ ወጥ ከሚሸትበት ቀን ይልቅ ቆሮሶ የሚጠበስበት ቀን ዓውደ ዓመት ይመስላል።

ማታ አጥማጆቹ መረባቸውን ሰብስበው ሲመለሱ ትልቁ የጋሼ ልጅ በጅራታቸው የተንጠለጠሉ ዓሦች ይዞ መጣ። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ ሲፍቅ እየተፈናጠረ ክንዱ ላይ ይለጠፍበታል። የአክስታችን ሁለተኛ ልጅ ጎኑን በቢላዋ ሸንተር ሸንተር አድርጋ ጨውና ሎሚ ታሽበታለች። ሲጠበስ ዘይቱ እየተንጫጫ ልጆቹን ያባርራል። ከቀረበ በኋላ ያየሁትን ግን አልረሳውም፦ ዓይናቸው የደከመው እማማ ትንንሾቹን ዙሪያቸውን አስቀምጠው አጥንቱን በጣታቸው እየለቀሙ ያጎርሷቸዋል። አንዲት ቀጭን አጥንት አላመለጠቻቸውም። እኔ «ዓይንዎ ሳያይ እንዴት?» ብላቸው፣ «አጥንት በዓይን የለቀመ ሰው ነው ጉሮሮው ላይ የሚቀርበት» አሉኝ።

አሁን የፍየሏን ጉዳይ ላውጋሽ፤ ይህን ለእማዬ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ፍየሏ የቤቱ ሁሉ ናት። አንድ ቀን ምን እንደበላች ሳይታወቅ ሆዷ ተነፍቶ ወደቀች። የጋሼ ትልቅ ልጅ ቢላዋ ይዞ ከዋናው በር ወጣ። የአክስታችን ወንድ ልጅም ቢላዋ ይዞ ከጓዳው በር ወጣ። ፍየሏ ራስጌ ተገናኙ።

«አንተ ካረድካት እኛ አንበላም።»

«አንተስ ካረድካት እኛ እንበላለን?»

«እኛ እንበዛለን።»

«ያሳደግኋት ግን እኔ ነኝ።»

ትንሿ የጋራ ልጅ «ግማሿን አንተ፣ ግማሿን አንተ እረዱ» ብላ ፈረደች። ጋሼን ከጫት ማሳ ጠርተው እስኪያመጡ ፍየሏ የሁለቱንም ወገን ክርክር እስከ መጨረሻው ሰምታ ነፍሷ ወጣ። በክት ደግሞ በሁለቱም ወገን አይበላም፤ ሙሉ ስምምነት የተገኘው በዚህ ብቻ ነው። ለውሻው ሰርግ ሆነለት። እማማ እስከ ዛሬ «ያቺን ፍየል የገደላት የሆድ መነፋት አይደለም፣ ሽምግልና ነው» ይላሉ።

በ2016 ዓ.ም. ሁዳዴም ረመዳንም በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2፣ ነበር የገቡት። ያን ሰሞን ጓዳው ቀን ቀን ጭስ አልወጣበትም ነበር አሉ። ሌሊት ጋሼ ለሱሁር ሲነሱ ክርስቲያኖቹ በሳህኑ ኳኳታ ይነቃሉ። ክርስቲያኖቹ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መፍታት ሲችሉ አክስታችን «ለሁለት ጊዜ ምድጃ አልለኩስም» ብላ ሁሉንም እስከ መግሪብ አቆየቻቸው። ሾርባው ያለ ሥጋ፣ ሳምቡሳው በምስር ሆነና አብረው አፈጠሩ። ችግሩ የመጣው ዒድ ሲሆን ነው፤ ፋሲካ ገና ሳምንታት ይቀሩት ነበር። ክር የሌለው ድስት ተጥዶ ሽታው ግቢውን ሲሞላው አክስታችን ራሷ እየጾመች ታማስላለች። «አፍንጫዬ ፈሰከ፣ እኔ ግን ጾምኩ» አለችኝ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚህም አለ። እሷ አትበላም፤ ልጆቿ ይበላሉ፤ አትቆጣቸውም።

አብረን ሐይቅ እስጢፋኖስም ሄድን። በ13ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም መሆኑን ከትምህርት ቤት ታስታውሻለሽ። ሴት አይገባበትም። ሸኚያችን የጋሼ ሦስተኛ ልጅ ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ሱብሒ ሊሰግድ ሲነሳ የአክስታችንን መስኮት አንኳኩቶ ለኪዳን የሚቀሰቅሳት እሱ ነው። አክስታችን ጧፍ ገዝታ መጥታለች። እኛ ሁለት ክርስቲያን ሴቶች ነጠላችንን አጣፍተን እደጅ ቀረን፤ ሙስሊሙ ልጅ ወንድ ነውና ጫማውን አውልቆ ጧፏን ለመነኮሳቱ ሊሰጥላት ገባ። ቆይቶ ሲመለስ «አደረስኩልሽ እማ፤ ስምሽንም ነግሬያቸዋለሁ» አላት። እሷ እንደ መሳቅ አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

ለምን እንደሆነ ይገባሻል። ይህን ጋብቻ ቤተ ክርስቲያን አልባረከችውም፤ ስለዚህ አትቆርብም። ቅዳሴ ትሄዳለች፣ ቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ቆማ ትመለሳለች። ስጠይቃት አልሸሸገችኝም፤ «ይህችን ነገር እየቆረቆረችኝ ነው የምኖረው» አለች፣ ከዚያ ወደ ቡናዋ ዞረች። ትልቋ ልጇም በዚህ ብዙ ጊዜ ተቀይማታለች።

ስለዚህ ነው ወሎን በፖስተር ላይ ብቻ የሚያውቁት ሰዎች፣ መስጊዱንና ቤተ ክርስቲያኑን ጎን ለጎን ስለው «መቻቻል» የሚሉት፣ ትንሽ የሚያናድዱኝ። ይህ አገር በፈቃድ ብቻ አልተደባለቀም። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው የወሎን ሙስሊም ተጠመቅ ባሉት ጊዜ፣ የወሎው መሪ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ስንቱ ደግሞ ተሰደደ፣ ስንቱ ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆኖ ኖረ። የሚካኤል ልጅ፣ ልጅ ኢያሱ፣ ደግሞ ወደ እስልምና አዘንብለሃል ተብለው በ1909 ከሥልጣን ወረዱ። እማማ የአያቶቻቸውን ስም ሲቆጥሩ አንዱ የጸበል፣ ቀጣዩ የመድረሳ ስም እየሆነ ይወጣል፤ እሳቸው ሳይደነቁ ይቆጥሩታል። መቻቻል የሚባለው ነገር እዚህ ቤት ድስት ማጠብ ነው። አጣቢዋ ደግሞ አክስታችን ናት። ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ቀይ ክሩን አንድም ቀን አላሰሩትም።

እሳቸውም ይህን ያወቁ ይመስለኛል። ትናንት ቡና ላይ፣ በረካው ተቀድቶ፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሲደረግ፣ ለሟች ሚስታቸው ከለመኑ በኋላ ለሟቹ የአክስታችን ባልም በስሙ ጠርተው ለመኑ። ክርስቲያኖቹ ልጆች «አሚን» አሉ። እማማ ቀጥለው «ለፍየሏም» ሲሉ ግን ዱዓው በሳቅ ፈረሰ፤ ጋሼ ራሳቸው ናቸው መጀመሪያ የሳቁት።

ዋናው ጉዳይ ይኸውልሽ። የአክስታችን ትልቋ ልጅ በጥር ታገባለች። ሁለት ዳስ ይጣላል፣ ሁለት ሰንጋ ይታረዳል፤ አንዱን ጋሼ ከመስጊድ ሰው ጠርተው ያሳርዳሉ፣ አንዱን የሙሽራው ወገኖች። በሁለቱ ዳስ መካከል የዓሣ ገበታ እንዲኖር አክስታችን ከአጥማጆቹ ጋር ከአሁኑ ተነጋግራለች። እማዬ የእህቷን ሰርግ እንቢ ብላ እንደቀረች የእህቷን ልጅ ሰርግ እንዳትቀር አክስታችን ትፈልጋለች፤ ግን ራሷ አትለምናትም፣ ኩራቷን ታውቂያለሽ፣ እማዬም ያው ናት። አንቺ ፍየሏን አንብበሽላት ስትስቅ፣ ሳቋ ሳያባራ ጠይቂያት። ከሳቀች በኋላ እንቢ ማለት አትችልበትም።

ስትመጡ ከመርካቶ ሁለት ትልልቅ ድስት ግዙ፤ ለሰርጉ ያሉት አይበቁም። ክዳናቸው የተለያየ ቀለም ይሁን። ለእማማ ደግሞ ለስላሳ ነጭ ጋቢ፤ ለማን እንደሆነ ሳትነግሪያት እማዬ ራሷ ትምረጠው። መልሱን በስልክ ንገሪኝ፤ ኔትወርክ የሚይዘው ከቤቱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ እዚያ እጠብቃለሁ።

እህትሽ