ሦስት ስፔድ ወይስ ፓስ?

ብሪጅ ሲጫወቱ ንጉሥና ንግሥት ዓይን ይስባሉ። በጨረታው ፉክክር ግን ብዙ ጊዜ ወሳኙ የካርታው ብዛት ነው። ፈረንሳዊው ዣን ረኔ ቬርን እ.ኤ.አ. በ1969 ለአሜሪካውያን አንባቢዎች ያቀረበው ስሌት ይህ ነው፦ እኛ በመረጥነው ምልክት የምናሸንፋቸው፣ ተጋጣሚዎቻችንም በመረጡት የሚያሸንፏቸው ዙሮች ሲደመሩ፣ ሁለታችንም በየምልክታችን ከያዝነው የካርታ ድምር ጋር ይቀራረባሉ።

*

በእጄ አምስት ስፔድ፣ በአጋሬ እጅ ሦስት። እነሱም በልብ ስምንት አላቸው እንበል። ሁለት ልብ ሲሉ ዝም ማለት ስህተት ነው፤ ሁለት ስፔድ ስምንት ዙር ይጠይቃል፣ ስምንት ካርታ አለን። ሦስት ልብ ብለው ሲመለሱስ? አሁን ፓስ። ድምሩ አሥራ ስድስት ነው፤ እነሱ ዘጠኝ ካገኙ ለእኛ ሰባት ይቀረናል፣ እኛ ስምንት ካገኘን ደግሞ እነሱ ይወድቃሉ። ወደ ሦስት ገፍተናቸዋል፤ ሥራችን ተሠርቷል። ስድስተኛ ስፔድ ቢኖረኝ ግን ሦስት ስፔድ እላለሁ።

*

ተራው ለሁለቱም ወገን ቀላል ሲሆን አራት ልብ ለተጋጣሚ 420 ያስገኛል። እኛ አራት ስፔድ ብለን፣ ቅጣቱ እንዲጨምር ደብል ተደርገን፣ በሁለት ዙር ብንወድቅ 300 እንከፍላለን፤ አትርፈናል። ቅጣቱ የሚከብድብን ተራ ከሆነ ግን ያው ውድቀት 500 ነው። ካርታው አልተለወጠም፣ ዋጋው ነው የተለወጠው።

*

ሦስት ስፔድ ብዬ ከፈትኩ። አራት ልብ አሉ፤ አጋሬ ፓስ አለ። አላስቻለኝም፣ አራት ስፔድ አልኩ። አጋሬ እጁን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋ የልብ ንግሥት፣ ጃክና አስር ከአንድ ትንሽ ካርታ ጋር ተሰልፈው አየሁ። አራት ልብ ላይ ሊይዛቸው አድፍጦ ነበር። ቃል አልተናገረም። በመክፈቻዬ እጄን በሙሉ ነግሬዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ውሳኔው የእሱ ነበር።

*

አጋርህ ረጅም አስቦ ፓስ ካለ፣ ማመንታቱ የነገረህን ነገር እንዳትጠቀምበት ሕጉ ይከለክላል። ተገቢ ሕግ ነው። በትልልቅ ውድድሮች አጋሮች እንዳይተያዩ ጠረጴዛው መሐል ጋሬጃ ይቆማል፤ በክበብ ጨዋታ ግን ጋሬጃው የራስ ሐቀኝነት ነው። ስለዚህ የእኔም ማመንታት ለአጋሬ እንዳይናገር፣ ሦስት ልብ ቢመጣ ምን እንደምመልስ፣ ገና ሁለት ስፔድ ከማለቴ በፊት አስቤ እጨርሳለሁ።